ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

ክረምቱ ከወጣ ወዲህ የደረሱን ደብዳቤዎች የተመካከሩ ይመስላሉ። ሁሉም ስለ ማርሽና ስለ ካምቢዮ፣ ማለትም ስለ ማርሽ ሳጥኑ ነው። ነገሩ አይገርምም። የድሮ መኪና ያለው ሰው ዝናቡ እስኪያልፍ ሸራ አልብሶ ያቆማል፣ መስከረም ሲጠባ ላውጣት ሲል ጉዱን ያያል። ረጅሙን ጥያቄ ከፊት አድርጌዋለሁ፤ ሌሎቻችሁም የጠየቃችሁት ከሞላ ጎደል እዚያው ውስጥ አለ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ከአባቴ የቀረችልኝ ፔጆ 404 አለችኝ፣ ማርሿ መሪው ላይ ያለው ዓይነት። የምኖረው ሐረር ነው፣ ቤታችን ከኤረር በር ወረድ ብሎ ቁልቁለት ላይ ነው። የእጅ ፍሬኗ ስለማይዝ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ አቆምኳት፣ እንደዚያው ሆና ክረምቱን ከረመች። አሁን ላወጣት ብል ማርሹ ድርቅ አለ። ፍሪሲዮን ረግጬ በሁለት እጄ ሳብኩ፣ ወይ ፍንክች! ፈርቼ ሞተር አላስነሳሁም። መካኒክ ጠራሁ፣ እጀታውን ነካ ነካ አደረገና «ውስጡ ተሰብሯል፣ ካምቢዮው ይውረድ» አለኝ። የጠራልኝ ዋጋ ያስደነግጣል። በፊትም አንዳንዴ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሳሻግር መሃል ላይ ትቀረቀርብኝ ነበር፣ ከፍ ዝቅ ሳደርገው ግን ይለቅ ነበር። ላስወርደው ወይስ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አቦ ተረጋጋ። ካምቢዮው የትም አይሄድም፣ ዛሬ አይወርድም።

መካኒኩን አልወቅሰውም ብል ውሸት ነው። ኮፈን ሳይከፍቱ «ውስጡ ተሰብሯል» ማለት ምን ማለት ነው? ደግሞ 404 ላይ ካምቢዮ ማውረድ ቀልድ አይደለም። ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ በወፍራም ቱቦ ውስጥ የተዘጋ ስለሆነ፣ እንደ ሌላው መኪና አራት ቡሎን ፈትተህ ዘንጉን ወደ ጎን አታደርገውም፤ ካምቢዮው እንዲወጣ ብዙ ነገር አብሮ መነካካት አለበት። ያንን ሁሉ አፍርሶ ጥፋቱ ውጭ የነበረች አንዲት ቦኮላ፣ መገጣጠሚያ ውስጥ ያለች ትንሽ ቀለበት፣ ሆና ስትገኝ ያናድዳል። ገንዘቡን ደግሞ ማንም አይመልስልህም።

ማርሽ አልወጣ ሲል ሦስት ቦታ ነው የሚጠረጠረው። ወይ ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም፣ ወይ ከመሪው እስከ ካምቢዮ ያሉት ብረቶች ተቀርቅረዋል፣ ወይ እውነትም ካምቢዮው ውስጥ ችግር አለ። ሦስተኛው የመጨረሻ ነው። ያንተዋ ግን ከሦስቱም በፊት የሚታይ አንድ ነገር አላት፣ እሱም ቁልቁለቱ።

የእጅ ፍሬን የማይዝ መኪና ቁልቁለት ላይ በማርሽ ስታቆም ከአንድ ቶን በላይ የሆነ ክብደት ማርሹ ጥርስ ላይ ነው የሚያርፈው። መኪናዋ መውረድ ትፈልጋለች፣ ሞተሩ እንቢ ይላል፣ ጥርሶቹ መሃል ላይ ተፋጠው ይቆያሉ። ክረምቱን ሙሉ። እንዲህ የተነከሰ ማርሽ በጉልበት አይወጣም፣ እጀታውን ነው የምታጣምመው። መጀመሪያ ጎማዎቹ ስር ታኮ (ማገጃ) አድርግ፣ ከታች በኩል ደህና አድርገህ። ከዚያ ሁለት ጎረምሳ ጥራና ወደ ላይ፣ ወደ ዳገቱ፣ አንድ ስንዝር ያህል ይግፉልህ። ልክ ስትንቀሳቀስ ፍሪሲዮኑን ረግጠህ እጀታውን በቀስታ ሳብ። ብዙ ጊዜ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቃል። ካለቀልህ ለሚቀጥለው ጊዜ የእጅ ፍሬኑን አሠራ፤ ስታቆም መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ ክብደቱ እዚያ ላይ ይረፍ፣ ማርሹን ከዚያ በኋላ ታስገባለህ።

አልወጣም ካለ የምልህን ሞክር፣ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ካንዴላዎቹን ፍታቸው፣ ሞተሩ በመታመቅ እንዳይዝ። የታችኛውን ታኮ ከጎማው አንድ ስንዝር አርቀው፣ ግን አታንሳው! አንድ ሰው ጋቢና ገብቶ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ይርገጥ፣ አንተ ኮፈኑን ከፍተህ ቺንጊያው የሚዞርበትን የታችኛውን ፑሌጃ ተመልከት። ማራገቢያውን አትይ፣ 404 ላይ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ማራገቢያው ራሱን ስለሚያላቅቅ ያታልልሃል። አሁን መኪናዋን ወደ ታች ገፋ አድርጓት።

ሄዳ ታኮው ላይ ካረፈችና ፑሌጃው ካልዞረ፣ ፍሪሲዮኑ ደህና ነው፣ ካምቢዮውም ሁለት ማርሽ አልያዘም። ጥፋቱ ብረቶቹ ላይ ነው። ሄዳ ፑሌጃውም አብሮ ከዞረ ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም። ጭራሽ ካልተነቃነቀች ደግሞ ቶሎ ካምቢዮ ላይ አትፍረድ፤ ዝናብ ላይ የከረመ መኪና የፍሬን ሸራው ከታምቡሩ ጋር ዝጎ ይጣበቃል። የኋላ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በክሪክ አንስተህ እያቸው፣ ሜዳ ቦታ ላይ ግን፣ እዚያ ቁልቁለት ላይ እንዳትሞክረው። ሸራው ነፃ ሆኖ፣ ፍሪሲዮኑም ለቆ፣ ጎማዎቹ ግን ድርቅ ካሉ ያኔ ነው «ሁለት ማርሽ በአንድ ጊዜ ገብቷል» ብለን የምንጠረጥረው።

አሁን ወደ እኔ ጥርጣሬ እንምጣ። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስትሻገር መሃል ላይ ትቀረቀር ነበር ያልከው ነገር ነው ሁሉንም የሚናገረው። ያ የብረቶቹ በሽታ ነው።

ካምቢዮው ውስጥ ሹካዎች አሉ። አንዱ አንደኛና ሁለተኛን ያስገባል፣ ሌላው ሦስተኛና አራተኛን። መሪው ላይ ያለው እጀታ ሁለት ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ የቱን ሹካ እንደሚይዝ ይመርጣል፣ ከዚያ የመረጠውን ይገፋል ወይ ይስባል። ሁለቱ ሹካዎች አንድ ላይ እንዳይሄዱ መሃላቸው ቆላፊ ፒን አለ። መምረጫው ከአንዱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ሌላውን መንካት ከጀመረ ፒኑ ሁለቱንም ይይዛቸዋል። ምንም አልተሰበረም፣ እንዲያውም ፒኑ የተቀመጠለትን ሥራ እየሠራ ነው። አንተ ግን ጋቢና ውስጥ ሆነህ የሚሰማህ «ደረቀ» ብቻ ነው።

መምረጫው ለምን ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል? ምክንያቱም እጀታህ ከካምቢዮው ሩቅ ነው። በመሪው ቱቦ ወርዶ፣ ከታች በክንድና በብረት ተቀጣጥሎ ነው እዚያ የሚደርሰው። በየመገጣጠሚያው ቦኮላ አለ። አዲስ ሲሆን ድፍን ክብ ነው። ዕድሜ የጠገበውን ስታወጣው በአንድ ጎኑ ተበልቶ ቀዳዳው ሞላላ ሆኗል፣ ዙሪያው በጥቁር ግራሶና በአሸዋ ተለስኗል፣ በጥፍርህ ስትጫነው ፍርፍር ይላል። አንዱ መገጣጠሚያ ላይ ትንሽ ክፍተት፣ ሌላው ላይ ትንሽ ክፍተት፣ ተደማምሮ እጀታው ሙሉ መንገድ ሄዶ ካምቢዮው ጋ የሚደርሰው ግማሹ ነው።

እንግዲህ ኮፈኑን ክፈት፣ ከመሪው ቱቦ ታችኛ ጫፍ ጀምር። ሰው እጀታውን በቀስታ ያንቀሳቅስልህ። ብረቶቹን በዓይንህ ብቻ ሳይሆን በእጅህ ተከተላቸው፣ መገጣጠሚያዋን በሁለት ጣት ይዘህ። ከላይ የመጣው ብረት ተነቃንቆ ቀጣዩ ዝም የሚልበት ቦታ፣ ጥፋትህ እዚያ ነው። ለጊዜው ማርሹን ለማውጣት ካምቢዮው ጋ ያለውን ክንድ ራሱን በእጅህ ወደ ዜሮ መልሰው። መሃል ላይ ሲደርስ ቀጭ የምትል ነገር ይሰማሃል፣ ፎሌ (ዜሮ) ገባ ማለት ነው። በመዶሻ አትምታው፣ እጅ ካልበቃ በመጠኑ ረዘም ያለ ካቻቪቴ አስደግፈህ ግፋ።

ቦኮላው ኦሪጅናሉ ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘ ግን አትጨነቅ። ድሬ ውረድና የተበላውን ቦኮላ፣ የሚገባበትን ክንድና ፒኑን ጭምር ይዘህ አንዱ ቶርኖ ቤት ግባ። ያች ከተማ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ሲደርስ ከሐዲዱ ጋር የበቀለች ናት፣ ብረት መላግ የሚያውቅ ሰው አይጠፋባትም። ቦኮላውን ብቻ አትውሰድ፤ ፒኑም ተበልቶ ከሆነ አዲሱ ቦኮላ በተበላ ፒን ላይ ገብቶ በአጭር ጊዜ እዚያው ትመለሳለህ። አንዳንዱ ሰው ክፍተቱን ላስቲክ ጠቅጥቆ በሽቦ ያስረዋል። ይሠራል፣ እስከ ሐረማያ።

እግረ መንገድህን የሞተሩን ጉሚኒዎችም እያቸው፣ ሞተሩን ተሸክመው የተቀመጡትን። ከተቀደዱ ሞተሩ ያዘነብላል፣ ካምቢዮው አብሮ ያዘነብላል፣ መሪው ግን ባለበት ነው። ስለዚህ የብረቶቹ ልክ ይዛባል፣ የፈለግከውን ያህል ቦኮላ ብትቀይር አይስተካከልም። መሪው ቱቦ ውስጥ ያለው ግራሶም ደርቆ ሙጫ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ በነጭ ጋዝ አጥበህ አዲስ ቀባው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የአባትህ መኪና የቱ ዘመን እንደሆነች አልጻፍክም። 404 እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ድረስ የማርሽ አቀማመጧ ለየት ያለ ነበር፤ አንደኛ ወደ ታች ነው፣ ሁለተኛ ወደ ላይ። ከዚያ በኋላ ነው እንደ ሌላው መኪና የሆነችው። ካምቢዮዋ ወይም ብረቶቿ በአንድ ወቅት ከሌላ መኪና ተቀይረው ከሆነ፣ አንተ አንደኛ የምትለው ሌላ ሊሆን ይችላል። አባትህን የሚያውቁ ሽማግሌ ሾፌሮች ፈረስ መጋላ አካባቢ አታጣም፣ ጠይቃቸው። ሐረር ደግሞ 404 የሚያውቅ ሰው የሚቸግርባት አገር አይደለችም።

ያ የመግፋቱ ፈተና ጥፋቱ ፍሪሲዮን ነው ካለህ፣ መጀመሪያ የዘይቱን ማጠራቀሚያ እይ። ቀንሷል? ፔዳሉን ደጋግመህ ስትረግጥ እየጠነከረ ከመጣ አየር ገብቶበታል፣ ወይ የታችኛው ፖምፓ ጉሚኒ አልቋል። የፍሬን ዘይት በሚገባበት ቦታ የሞተር ዘይት የጨመረ ሰው ካለ ደግሞ ጉሚኒዎቹ ሁሉ አብጠዋል፣ ሁለቱንም ፖምፓ ማስቀየር ነው። ዘይቱም ፖምፓውም ደህና ሆኖ የፍሪሲዮኑ ሹካ ሙሉ መንገዱን እየሄደ ፍሪሲዮኑ ካልለቀቀ፣ ዲስኩ እርጥበት ገብቶበት ቮላኖው፣ ሞተሩ የሚያዞረው ከባድ ክብ ብረት፣ ላይ ተጣብቋል። ክረምት ላከረማት መኪና ይሄ በጣም ያለ ነው። ሜዳ ቦታ ላይ፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አንስተህ በጠንካራ መቆሚያ ላይ አሳርፈህ፣ የፊቶቹን በታኮ አስይዘህ፣ በማርሽ እንዳለች አስነሳት። ጎማዎቹ በአየር ላይ ይዞራሉ። ትንሽ ትሙቅ፣ ከዚያ ፍሪሲዮኑን ረግጠህ ያዝና ፍሬን ነካ አድርግ። ይላቀቃል። ይህ ሲደረግ ከፊቷም ከኋላዋም ሰው እንዳይቆም። ክሪክ ብቻ አምነህ እንዳታደርገው፣ አደራ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሁለት ማርሽ መግባቱ ከተረጋገጠ፣ አዎ፣ ካምቢዮው ይከፈታል። ያኔም መጀመሪያ ዘይቱን በንጹሕ ሳህን ላይ አስፈስሰው። ዘይቱ ውስጥ የጥርስ ስባሪ ካለ መካኒክህ ልክ ነበር፣ ይቅርታ ትጠይቀዋለህ። ወደ ጋራዥ ስትወስዳትም በገመድ አታስጎትታት፤ ዘንጉ የተዘጋ ስለሆነ መፍታት አትችልም፣ የኋላ ጎማዎቿ ከመሬት ተነስተው ነው መሄድ ያለባት።

ጥያቄ፦ ከሐረር ወደ ድሬ በአሮጌ መኪና እመላለሳለሁ። ደንገጎን ስወርድ ማርሹ ሦስተኛ ላይ ቢቀርብኝ ምን ላድርግ? አንዴ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

መልስ፦ መጀመሪያ፣ አትታገል። ዓይንህ መንገዱ ላይ ይሁን። ሦስተኛ ላይ መቅረት ከሁሉ የከፋው አይደለም፣ ሞተሩ ቢያንስ በትንሹ ይይዝሃል። የከፋው ዜሮ ላይ መቅረት ነው፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ብለህ ደንገጎን በፎሌ የምትወርድ ከሆነ ይሄ ሁሉ ምክር አይጠቅምህም።

እግርህን ከነዳጅ አንሳ። ፍሬኑን ሳታቋርጥ እንዳትረግጠው፤ ያዝ፣ ፍጥነቱን ስበር፣ ልቀቅ፣ ይተንፍስ፣ እንደገና ያዝ። ሰፋ ያለ ቦታ ስታገኝ በተራራው በኩል ጥግ ያዝ። ልትቆም ስትል ፍሪሲዮኑን ርገጥ፤ እሱም ካልሠራ በፍሬን እየያዝክ ቁልፉን አጥፋ፣ ሞተሩ አንዴ ነጠር አድርጎህ ይቆማል። ቁልፉን ግን ነቅለህ እንዳታወጣው፣ መሪ የሚቆልፍ ከሆነ ጉድ ይፈላል። ከቆምክ በኋላ ታኮ።

ስለ ፍሬንህ ዘይት ደግሞ ልንገርህ። የተለመደው ዶት 3 አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሙቀት ሳይፈላ ይችላል። ከአየር ውኃ ሲስብ ከርሞ ሲያረጅ ግን ወደ 140 ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ከፈላ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይገባል፣ ምንም አይዝም። ዘይቱን ለመጨረሻ ጊዜ የቀየርከው መቼ እንደሆነ ካላስታወስክ፣ ቀይረው።

ጥያቄ፦ ቮልስ ነው የምነዳው፣ እዚሁ ድሬ። ከከዚራ ወደ ሳቢያን እየሄድኩ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ቀረብኝ። የሚገርመኝ እጀታው ደረቅ አይደለም፣ ወደፈለግኩበት ይሄዳል፣ መኪናው ግን ሁለተኛ ላይ ነው። ፍሪሲዮኑ ይሠራል፣ እሱን ረግጬ በሁለተኛ ቤቴ ገባሁ። የኋላ ማርሽ ሲያስቸግረኝ ከርሟል። ጎረቤቴ «ሞተሩ ወርዶ ነው የሚታይ» አለኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሞተሩ አይወርድም። እጀታሽ እንደ ገንፎ ማማሰያ በየአቅጣጫው ከዞረልሽ ማርሹ አልተያዘም፣ እጀታው ከካምቢዮው ጋር ተለያይቷል ማለት ነው።

ቮልስ ላይ ከእጀታው አንድ ረጅም ዘንግ በወለሉ መሃል ባለው ዋሻ ውስጥ ወደ ኋላ ይሄድና በአንድ ማያያዣ ከካምቢዮው ጋር ይገናኛል። የኋላ መቀመጫውን ብድግ አድርጊው። ዋሻው ላይ በአንድ ቪቴ የተያዘች ትንሽ ክዳን ታገኛለሽ። በቀኝ በኩል ባትሪው አለ፣ መፍቻሽ ምሰሶው ላይ እንዳያርፍ ጨርቅ ጣል አድርጊበት። ክዳኗን ስትከፍቺ ማያያዣውን ታዪዋለሽ፤ ራሷ አራት ማዕዘን የሆነች ቡሎን ዘንጉን ይዛለች። ያቺ ቡሎን በሽቦ መታሰር ነበረባት። ሽቦው ተበጥሶ ቡሎኗ ላልታ ይሆናል፣ ወይ ማያያዣው ውስጥ ያሉት ጎማዎች ተፈርፍረዋል። የኋላ ማርሹ ሲያስቸግርሽ የከረመውም በዚሁ ነው፤ ወደ ታች ተጭኖ ወደ ጎን ወጥቶ የሚገባ ማርሽ ስለሆነ ትንሽ ክፍተት መጀመሪያ የምትታወቀው እሱ ላይ ነው።

ማያያዣውን በፒንሳ ይዘሽ ወደ ፊት ወይ ወደ ኋላ ስትገፊው ማርሹ ይወጣል። ቡሎኗ ብቻ ከሆነች የላላችው፣ ጫፏ ዘንጉ ላይ ያለችው ጎድጓዳ ላይ መግባቱን አይተሽ አጥብቂያት፣ በአዲስ ሽቦ እሰሪያት። ጎማው ከሆነ ማያያዣው በሙሉ ይቀየራል፣ ውድ አይደለም።

ይሄ ካለቀ በኋላ የፍሪሲዮን ፔዳሉን በእጅሽ ተጫኝው። ከመክበዱ በፊት ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነፃ መሄድ አለበት። ቮልስ ላይ ፍሪሲዮኑን የሚስበው ገመድ ነው፣ ካምቢዮው ጋ በስተግራ ባለው ዳዶ ይስተካከላል። ጎረቤትሽን አመሰግናለሁ በይው፣ አትከተይው እንጂ።

ጥያቄ፦ ላዳዬ ነዳጅ ስለቅ ሦስተኛ ማርሽ እየዘለለ ይወጣብኛል። መፍትሔ?

መልስ፦ ተቃራኒው በሽታ ነው፣ ግን እዚሁ ይመለስ። መጀመሪያ የሞተርና የካምቢዮ ጉሚኒዎች። ደህና ከሆኑ፣ የላዳ ካምቢዮ ጎኑ ላይ በሁለት ቡሎን የተያዘች ትንሽ ክዳን አለችው። ውስጧ ሦስት ሞላና ሦስት ኳስ አሉ፣ ማርሹን በቦታው የሚይዙት እነሱ ናቸው። የተሰበረ ወይ የደከመ ሞላ ካለ ቀይር፣ ካምቢዮ ሳይወርድ። ሲወጡ የትኛው ከየት እንደወጣ ምልክት አድርግ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ሞላዎቹ ደህና ከሆኑ ግን ጥርሶቹ ተበልተዋል፣ ያኔ የሚከፈት ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ገፋ ያለ ሰው ነኝ፣ 404ዬም እንደዚያው። ካምቢዮው መጮህ ቢጀምር ዘይት ሻጩ «ወፍራም አድርግበት፣ ዝም ይላል» ብሎ በጣም ወፍራም የማርሽ ዘይት አስገባልኝ። እውነትም ጩኸቱ ቀነሰ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሐረር ላይ ጠዋት ጠዋት ማርሹ አይገባም፣ ከገባም አይወጣም። ድሬ ስወርድ ይሻለዋል። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ አባቴ፣ ጥያቄውንም መልሱንም ራስዎ ጽፈውታል። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ገደማ። ጠዋት ሐረር ላይ ያ ወፍራም ዘይት ረግቶ ነው የሚጠብቅዎ፤ ማርሽ ሲቀየር ፍጥነት የሚያስተካክሉት የነሐስ ቀለበቶች ዘይቱን ገፍተው መንካት አይችሉም። ድሬ ሲወርዱ ሙቀቱ ያቀጥነዋል፣ ማርሹም ይለሰልሳል።

የፔጆ 404 ካምቢዮ ደግሞ ከፋብሪካው የማርሽ ዘይት የሚገባበት አልነበረም። የሞተር ዘይት ነው የሚገባበት፣ 20 በ40 ዓይነት። ብዙ ሰው ይሄን ስነግረው አያምነኝም። ወፍራሙ የማርሽ ዘይት ጂኤል 5 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ሌላም ጉዳት አለው፤ ለከባድ ጫና ተብሎ የሚጨመርበት ድኝ ያለበት ቅመም እነዚያን የነሐስ ቀለበቶች ይበላቸዋል። ቶሎ ያስወጡት።

ዲፍረንሻሉን፣ የኋላ ጎማዎቹ መሃል ያለውን፣ ግን ለብቻው ይዩት። የ404 ዲፍረንሻል በጠመዝማዛ ጥርስና በነሐስ መዘውር የሚሠራ ነው፣ ከሌላው መኪና ይለያል። ለካምቢዮው የመጣውን ዘይት እዚያ እንዳይጨምሩ፣ ሻጩ የሚሰጥዎትንም ቆርቆሮ «ለነሐስ ይሆናል?» ብለው ሳይጠይቁ እንዳይቀበሉ።

ጩኸቱ ይመለሳል፣ ይህን አልደብቅዎትም። የሚጮኸው አብዛኛውን ጊዜ ኩሽኔታ ነው፣ ወፍራሙ ዘይት ድምፁን ሸፍኖት ነው እንጂ አላዳነውም። ዜሮ ላይ አድርገው ሞተሩ ሲሠራ ይጮህና ፍሪሲዮን ሲረግጡ ዝም የሚል ከሆነ የፊተኛው ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ቀስ ብለው ያስቀይሩታል፣ አጣዳፊ አይደለም።

ዘይቱን ሲያስቀይሩ ትንሽ ነድተው ካሞቁት በኋላ ይሁን፣ ያለበለዚያ ያ ወፍራም ነገር ሙሉ በሙሉ አይወርድም። ልጁ የታችኛውን ቡሎን ከመፍታቱ በፊት ደግሞ የሚሞላበትን የጎኑን ቡሎን ይፍታ። አርጅቶ እንቢ ቢል ዘይቱ ገና ውስጥ ነው፣ ነድተው ሌላ ቦታ መሄድ ይችላሉ። አዲሱን ዘይት በሚሞላበት ቀዳዳ ጠርዝ እስኪደርስ ብቻ ይሙላው፤ ከዚያ ካለፈ በፓራኦሊዮው፣ ዘይት በሚያግደው ጎማ፣ አልፎ ፍሪሲዮኑን ያበላሽብዎታል።